የውጫሌው ግሥና ያልተጻፈው ጥብቀት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅን ካለፈ በኋላ ውጫሌ ከተማን ያገኛል። ከተማዋ የምትገኝበት የአምባሰል ወረዳ ስሙ በመላ አገራችን የታወቀው ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር በሚቆጠረው የዜማ ቅኝቱ ነው፤ ማሩም ስመ ጥር ነው። ውጫሌ ራሷ ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የገባችው በዜማም በማርም አይደለም። ውጫሌን ዓለም ያወቃት በአንድ ግሥ ምክንያት ነው። በዚህ ጽሑፍ ከዚያ ግሥ ተነሥተን፣ የኢጣልያንኛን የግሥ አነባበብ መስተዋት አድርገን፣ ፊደላችን ስለማይጽፈው አንድ ነገር ያለንን አስተያየት ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት መልእክተኛ ከኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር የተፈራረሙት ውል 20 አንቀጾች ነበሩት። የአካባቢው ሰው ውሉ የተፈረመበትን ሥፍራ ይስማ ንጉሥ ይለዋል። ከአንቀጾቹ መካከል 19ኛው፣ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ፍጹም የሚስማሙ በመሆናቸው ሁለቱም እኩል እንዲጸኑ ይደነግጋል። ከእርሱ ጥቂት ከፍ ብሎ የተጻፈው 17ኛው አንቀጽ ግን በሁለቱ ቋንቋዎች አልተስማማም ነበር። የኢጣልያንኛው ጽሑፍ «ኮንሴንቴ» የሚል ግሥ ሲይዝ፣ የአማርኛው ደግሞ «ይቻላቸዋል» ይላል።

ሁለቱን ግሦች ጎን ለጎን አስቀምጦ የመረመረ ተማሪ ልዩነቱን ከመዝገበ ቃላት በፊት በሰዋስው ያገኘዋል። በኢጣልያንኛው ዓረፍተ ነገር የግሡ ባለቤት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ለመጠቀም የሚስማሙት፣ ፈቃዳቸውን የሚሰጡት እርሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ የተስማማ ሰው ደግሞ በስምምነቱ ይያዛል። በአማርኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ የግሡ ባለቤት አይደሉም። ባለቤቱ «መላላክ» የሚለው ነው፤ እርሳቸው በግሡ ጀርባ ላይ በተለጠፈው «አቸው» በተሳቢነት ተወክለዋል። መላላኩ ለእርሳቸው የሚቻል ነው፤ ቢፈልጉ ያደርጉታል፣ ባይፈልጉ ይተዉታል። የሚቻል ነገር ሁሉ ግዴታ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለአንባቢዎቻችን የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ እናልፈዋለን። የኢጣልያ መንግሥት አንቀጹን የጥበቃ ሥልጣን ማስረጃ አድርጎ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1889) ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ፤ ምኒልክ ልዩነቱን ባወቁ ጊዜ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ተቆረጠ። በዚያው ዓመተ ምሕረት ማግሥት፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሻረው። ምሁራኑ ግን ግሡን አልተዉትም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ስለዚሁ አንቀጽ ሰፊ ጥናት ሲያወጡ፣ ኢጣልያዊው ካርሎ ጂሊዮ በተከታዩ ዓመት የመልስ ጽሑፍ አወጡ፤ ሩበንሰንም መልሰው ጻፉ። ከ70 ዓመት በኋላ እንኳ በአንድ ግሥ ላይ መከራከር ይቻል ነበር ማለት ነው።

ሁለቱ ግሦች በቀለም ሲከፈሉ

የታሪኩን ክርክር ለታሪክ ክፍል እንተውና እኛ ደግሞ የድምፁን ጎን እንመልከት። በአማርኛ የሰዋስው መጻሕፍት «ቀለም» የሚባለው በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚሰበሰብ፣ በአንድ ትንፋሽ ግፊት የሚወጣ የቃል ክፋይ ነው። ባለቅኔ ስንኝ ሲለካ የሚቆጥረው ይህንኑ ነው። ፊደላችን ለቀለም ቅርብ ቢሆንም ከቀለም ጋር አንድ አይደለም፤ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

«ኮንሴንቴ» በእኛ ፊደል ሲጻፍ አምስት ሆሄያት አሉት፤ ቀለሞቹ ግን ሦስት ብቻ ናቸው፦ ኮን፣ ሴን፣ ቴ። በመካከለኛው «ሴን» ላይ ድምፁ ጎላና ረዘም ይላል፤ ይህን ጉልበት «ጫና» እንበለው። «ይቻላቸዋል» ደግሞ ስድስት ሆሄያት ሲኖሩት አምስት ቀለም አለው፦ ይች፣ ቻ፣ ላች፣ ቸ፣ ዋል። አንባቢ ልብ ይበል፦ በጽሑፉ ላይ አንድ «ቻ» እና አንድ «ቸ» ብቻ ያሉ ሲሆን በአፋችን ግን ሁለቱም ጠብቀው ይነገራሉ። የሚጠብቅ ድምፅ ለሁለት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው እኩሌታ የፊተኛውን ቀለም ይዘጋል፣ ሁለተኛው እኩሌታ የኋለኛውን ይከፍታል። ጆሮውን ያሰላ ሰው የመጨረሻዋ «ል» ራሷ ጠበቅ እንደምትል ይሰማል። እንግዲህ ምኒልክ በኢጣልያ ላይ በተከራከሩበት አንድ ቃል ውስጥ ሦስት ጥብቀቶች አሉ፤ ከሦስቱ አንዱም አልተጻፈም።

ለእውነት ስንል አንድ ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብን። የውጫሌን ጠብ ያመጣው ጥብቀት አይደለም። የጠቡ ምክንያት የሁለቱ ግሦች ትርጉም ልዩነትና ከትርጉሙ በስተጀርባ የነበረው የቅኝ ግዛት ፍላጎት ነው። እኛ ከውጫሌ የተነሣነው አንድ የግሥ ቅርጽ በትክክል ተነቦ አለመነበቡ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን ስለሌለ ነው።

የሥፍራዋን ስም ራሱን ብንመለከት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በኢጣልያ ሰነዶች ውጫሌ «ኡቻሊ» ተብላ ተጽፋለች፤ እነርሱ «ጨ» ለሚለው ፈንጂ ድምፅ ፊደል ስለሌላቸው በ«ቸ» ተኩትና ሁለት ጊዜ ጻፉት፤ «ሊ»ንም እንዲሁ ደረቡት። በእነርሱ አጻጻፍ ስሙ «ኡች፣ ቻል፣ ሊ» ተብሎ ነው የሚከፈለው። የእነርሱ ፊደል «ጨ»ን መጻፍ አልቻለም፤ የእኛ ደግሞ የእነርሱን ድርብ ድምፅ መጻፍ አይችልም። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ዕውርነት አለው።

የኢጣልያንኛ ግሥ ጫናውን የት ያሳርፋል?

ለዚህ የሚያገለግለን ቃል ሁላችን የምናውቀው «ፋብሪካ» ነው። እኛ ስም አድርገን ብንወስደውም በኢጣልያንኛ ግሥም ነው፤ «ይሠራል፣ ያመርታል» ማለት ነው። በኢጣልያንኛ «ብ» ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ አከፋፈሉ «ፋብ፣ ብሪ፣ ካ» ይሆናል። ደንቡ ቀላል ነው። በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለ አንድ ተነባቢ ከሚከተለው አናባቢ ጋር ይሄዳል፤ ድርብ የሆነ ተነባቢ ለሁለት ይከፈላል፤ «ለ»፣ «መ»፣ «ነ» እና «ረ» ከሌላ ተነባቢ ፊት ሲመጡ የፊተኛውን ቀለም ይዘጋሉ። በ«ኮንሴንቴ» ውስጥ ሁለቱ «ን» ያደረጉት ይህንን ነው።

የጫናው ነገር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በአሁን ጊዜ «እኔ»፣ «አንተ» እና «እርሱ» ለሚሉት ጫናው በግሡ ግንድ ላይ ያርፋል፤ «እኛ» እና «እናንተ» ላይ ሲደርስ ወደ ቅጥያው ይወርዳል፤ «እነርሱ» ላይ ሲመጣ ተመልሶ ወደ ግንዱ ይወጣል። ስለዚህ «ያመርታል» ማለት በመጀመሪያው ቀለም፣ በ«ፋብ» ላይ ጫና ያለው ሲሆን፣ «ያመርታሉ» ለማለት «ፋብሪካኖ» ሲባልም ጫናው እዚያው «ፋብ» ላይ ይቀራል፤ ከኋላው ሦስት ቀለም ያለ ጫና ይከተለዋል። «ይህን አምርትልኝ» ለማለት ሁለት ተውላጠ ስሞች ሲቀጠሉበት «ፋብሪካሜሎ» ይሆንና ጫናው ከመጨረሻ ሲቆጠር በአምስተኛው ቀለም ላይ ይገኛል። የውጭ አገር ተማሪዎች ቋንቋውን ከጽሑፍ ብቻ ሲማሩ የሚሳሳቱት ሁልጊዜ በዚህ ላይ ነው፤ በብዙ ቁጥር ጫናውን ወደ ኋላ ይስቡታል።

ይህ የድምፅ ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምንበት ነበር። ነገር ግን ጫናው ትርጉም ይለያል። «ፋብሪኮ» በ«ፋብ» ላይ ሲጫን «አመርታለሁ» ማለት ነው፤ በ«ኮ» ላይ ሲጫን «አመረተ» ይሆናል። ባለቤቱም ጊዜውም ተለወጠ። «ካፒታኖ» የሚለው ቃል ከዚህ የባሰ ነው፤ በ«ካ» ላይ ሲጫን «ይደርሳሉ፣ ያጋጥማሉ»፣ በ«ታ» ላይ ሲጫን «ሻምበል፣ ካፒቴን»፣ በ«ኖ» ላይ ሲጫን «መራ፣ አዛዥ ሆነ» ማለት ነው።

ኢጣልያኖች ለዚህ ያደረጉት መፍትሔ ልከኛ ነው። ጫናው በመጨረሻው ቀለም ላይ ባረፈ ጊዜ በአናባቢው ራስ ላይ ትንሽ ጭረት ማድረግ ግዴታ ነው፤ በሌላ ሥፍራ ሲያርፍ አይጻፍም፤ አንባቢ ይሳሳታል ተብሎ ሲታሰብና በመዝገበ ቃላት ብቻ ይጻፋል። ስለዚህ «አመረተ» የሚለው «ፋብሪኮ» በጭረቱ ይታወቃል። አንዲት ፊደል ብቻ የሆነችው «ኤ» እንኳ ጭረት ሲኖራት «ነው» ማለት ነች፤ ሳይኖራት ደግሞ «እና» ነች። ሁሉንም አልጻፉም፤ ምንም ሳይጽፉም አልቀሩም።

ጥብቀቱን ግን ያለማመንታት ሁልጊዜ ይጽፉታል። «እናመርታለን» ወደፊት ሲሆንና «ባመረትን ነበር፣ እናመርት ነበር» በሁኔታ ሲሆን በኢጣልያንኛ የሚለየው በአንዲት «ም» መጥበቅና መላላት ብቻ ነው። ሁለቱም በእኛ ፊደል ሲጻፉ «ፋብሪኬሬሞ» ይሆናሉ። «ኮንሴንቴ» ከተባለው ግሥ የሚወጡት «እንስማማለን» እና «በተስማማን ነበር» የሚሉትም እንዲሁ «ኮንሴንቲሬሞ» ተብለው አንድ ሆነው ይቀራሉ። አንድ ዲፕሎማት «እንስማማለን» ብሎ ሲፈርምና «ሁኔታው ቢፈቅድ በተስማማን ነበር» ሲል ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ የእኛ ፊደል ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጽፋቸዋል።

የራሳችን ቤት

አሁን ወደ አማርኛ እንመለስ። በአማርኛ ጫና ደካማ ነው፤ ትርጉምም አይለይም። ትርጉም የሚለየው ጥብቀት ነው። «ገና» ሲላላ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ ነው፤ ሲጠብቅ ቁልፍ ጉዳይ ነው። እነዚህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርናቸው ምሳሌዎች ስለሆኑ ቀላል መስለው ይታያሉ። ቁም ነገሩ ያለው በግሥ ላይ ነው።

የአማርኛ ግሥ ከተደራጊነት ጋር ሲገናኝ የ«ተ»ን ድምፅ በሚከተለው ተነባቢ ውስጥ አስገብቶ ያጠብቀዋል። «ይሰብራል» እና «ይሰበራል» በሆሄያቸው ስለሚለያዩ ችግር የለም። እንደ ሰማ፣ በላ፣ መታ፣ ሰጠ፣ ሰፋ ያሉት ግሦች ግን ሆሄያቸው አይለወጥም። «ይሰማል» ሲላላ ሰሚው ነው የሚሰማው፤ አከፋፈሉም «ይ፣ ሰ፣ ማል» ነው። ሲጠብቅ ድምፁ ነው የሚሰማው፤ «ይስ፣ ሰም፣ ማል»። «ይሰጣል» ሲላላ ሰጪ ነው፤ ሲጠብቅ ተሰጪ ነገር ነው። «ገንዘቡን በሚመለከት ተከራዩ ይሰጣል» የሚል የውል ቃል ቢጻፍ ጠበቆች ሥራ አገኙ ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ጊዜ በወረቀት ላይ «ቁስሉ ይሰፋል» የሚሉ ሁለት ቃላት ጽፎ ለጓደኞቻችን አሳየና ጮክ ብለው እንዲያነቡ ጠየቀ። አንዳንዶቹ አላልተው አነበቡት፤ ቁስሉ እየሰፋ፣ እየተለጠጠ ይሄዳል አሉ። ሌሎቹ አጥብቀው አነበቡት፤ ቁስሉ በመርፌና በክር ይሰፋል አሉ። በመካከሉ ሳቅ ሆነ። ኋላ ግን ያው ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ በሚያነብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲሞከር ፕሮግራሙ ምንም ሳያመነታ አንዱን መርጦ አነበበ፤ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ እንደሌለው አልነገረንም። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች መጻሕፍቶቻቸውን ዛሬ የሚያዳምጡት በእንዲህ ያለው ፕሮግራም ነው። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ።

ሰው አንባቢ ከዐውዱ ተነሥቶ ይረዳል የሚለው መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይቀርብልናል፤ እውነትነትም አለው። አባቶቻችን ጥብቀትን ሳይጽፉ ይህን ያህል ዘመን ኖረዋል፤ ኢጣልያኖችም ጫናን በብዛት አይጽፉም። ይሁን እንጂ ዐውድ የሚረዳው ቋንቋውን አስቀድሞ በጆሮው ያወቀን ሰው ነው። አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርጎ የሚማረው ወጣት፣ ገና ማንበብ የጀመረው ሕፃን፣ ከጽሑፍ ብቻ የሚማረው መሣሪያ ይህ ሀብት የላቸውም። ደግሞስ በአዲስ የሳይንስ ቃል ላይ ማን አስቀድሞ ሰምቷል? መምህሩ በአንድ መልክ፣ ተማሪው በሌላ መልክ ሲያነቡት በክፍላችን ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምተናል!

ሁለተኛው መከራከሪያ የቅኔ ነው። ሰሙን አላልቶ ወርቁን አጥብቆ ማንበብ የቅኔ ቤት ጥበብ ነው፤ ጥብቀት ከተጻፈ ወርቁ በገሃድ ይወጣል የሚሉ አሉ። ይህን በአክብሮት እንቀበላለን፤ ስለ ቅኔ ግን አልተናገርንም። ሐኪሙ የሚጽፈው ማዘዣ ኅብር ሊኖረው አይገባም።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ጉዳይ ከውጭ የመጣ አድርገው የሚያዩት ሰዎች ንባብ ቤትን ረስተዋል። የግእዝ ንባብ መምህራን ቃላትን በተነሽ፣ በወዳቂ፣ በሰያፍና በተጣይ ከፍለው ያስተምራሉ፤ ይህም ድምፅ በቃሉ ውስጥ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን የሚለይ ሥርዓት ነው። ሰያፍና ተጣይ የሚባሉት በሳድስ የሚጨርሱ ቃላት ናቸው። ኢጣልያኖችም ቃሎቻቸውን በጫናው ሥፍራ «የተቆረጠ»፣ «ሜዳማ»፣ «አዳላጭ» እያሉ ይከፍላሉ። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ ለአንድ ነገር ስም አወጡ። ግእዝን ከአማርኛ ጋር ያነጻጸረ ሰው ደግሞ የጥብቀትን ጉልበት ያያል፦ «ነበረ» በግእዝ ሲላላ «ተቀመጠ» ነው፤ በአማርኛ ግን ጠብቆ ነው የሚነበበው። ሆሄው ያው ሦስት ነው።

መፍትሔውም ከቤታችን ሩቅ አይደለም። በወሎ የቁርኣን ትምህርት የሚማር ሕፃን «ሸዳ» የምትባለውን ምልክት ገና በልጅነቱ ያውቃታል፤ በተነባቢው ራስ ላይ ስትቀመጥ ድምፁ ይጠብቃል። በቁርኣንና በሕፃናት መጽሐፍ ትጻፋለች፤ በጋዜጣ ላይ ግን ትተዋለች፤ ማንም በዚህ አልተቸገረም። እንደ ሸኽ ጠልሃ ያሉ የወሎ ሊቃውንት አማርኛን በዓረብ ፊደል ሲጽፉ ይህች መሣሪያ በእጃቸው ነበረች። በ1984 ዓ.ም. ለኦሮምኛ ጽሕፈት የተወሰነው ቁቤ ደግሞ ጥብቀትን ፊደሉን በመድገም ይጽፋል፤ «መጥፎ» እና «ደጋ» የሚሉት የኦሮምኛ ቃላት የሚለዩት በአንድ «ደ» መደገም ነው፤ ተማሪውም ያንን ሳያይ አያልፍም።

የሚያስገርመው ነገር የአማርኛን ጥብቀት በዓይኑ እያየ የሚማረው የውጭ አገር ሰው መሆኑ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣልያ ሳሉ የአማርኛን ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1905፣ ስለ አማርኛ ግሥ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ደግሞ በ1911 ሮም ላይ አሳትመዋል፤ ሁለቱም የተጻፉት በኢጣልያንኛ ነው። ከዚያ ወዲህ እንደ ቮልፍ ሌስላው ያሉ ሊቃውንት በላቲን ፊደል አማርኛን ሲጽፉ የሚጠብቀውን ተነባቢ ሁለት ጊዜ ይጽፉታል። «ይፈልጋል» ሲል «ለ» እንደምትጠብቅ፣ «ይሰብራል» ሲል ግን «ብ» እንደምትላላ በሎስ አንጀለስ ያለው ተማሪ አይቶ ያውቃል። የውጫሌው ተማሪ ግን ይህን የሚያውቀው በልማድ ብቻ ስለሆነ ለምን እንደሆነ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ግሦቹ በኃላፊ ጊዜ «ሰበረ»፣ «ፈለገ» ሲባሉ ሁለቱም መካከላቸውን ያጠብቃሉ፤ በትንቢት ጊዜ ግን አንዱ ይላላል፤ ይህ የአማርኛን ግሥ በሁለት ዐበይት ቤቶች የሚከፍል ሕግ ነው። የማይታይ ሕግ እንዴት ይጠናል?

ምልክቱም አዲስ ሊፈጠር አያስፈልግም። በሆሄው ራስ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች የጥብቀት ምልክት ሆነው የዓለም ኮምፒዩተሮች በሚጠቀሙበት በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ገብተዋል። የግእዝ ፊደል ራሱ ወደ መዝገቡ የገባው በ1999 ስለሆነ፣ ምልክቱ የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ይኸው ዛሬ «ቁስሉ ይሰ፟ፋ፟ል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህን ያነበበ ሰው ክርና መርፌ ያስባል።

እኛ የምንለው እያንዳንዱ የሚጠብቅ ሆሄ ሁሉ ነጥብ ይሸከም አይደለም፤ ገጹ በዝንብ የተወረረ ይመስላል። የኢጣልያኖቹን ልከኝነት እንውሰድ ነው የምንለው። ሁለት ንባብ ሊኖረው የሚችል ግሥ በጤና ጽሑፍ፣ በሕግና በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ሲመጣ ነጥቡ ይደረግ። አዲስ የሳይንስ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጻፍ ከነነጥቡ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ቢተውም ግድ የለም። የአንደኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ ደግሞ ሸዳን እንደሚጽፈው የሕፃናት መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ነጥብ ቢኖረው፣ ሕፃኑ ሲያድግ ራሱ ይተወዋል። ለኮምፒዩተር ንባብ የሚሰበሰቡ ጽሑፎች ከነጥብቀታቸው ቢዘጋጁ ፕሮግራሙ የሚማርበት ነገር ያገኛል፤ ባልተጻፈ ነገር ላይ የሚሠለጥን መሣሪያ መገመት እንጂ ማወቅ አይችልም። ይህን ሥራ የቋንቋ ክፍል ብቻውን፣ የኮምፒዩተር ክፍልም ብቻውን አይወጣውም፤ ግሥ የሚያውቀውና ፕሮግራም የሚጽፈው በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ አለባቸው። በብዙ ግቢዎች ውስጥ የሁለቱ ክፍሎች ሕንፃዎች የሚራራቁት የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

ሌላውን ከመውቀስ በፊት በራሳችን መጀመር ተገቢ ስለሆነ፣ በዚህ መጽሔት ላይ ለሁለት ንባብ የተመቸ ግሥ በመጣ ቁጥር ነጥቡን ለማድረግ ወስነናል። የገጽ አቀናባሪያችን ይህን ሲሰሙ በአንዳንድ የፊደል ዓይነቶች ነጥቦቹ ከሆሄው ራስ ላይ እየሸሹ ወደ ጎን እንደሚወድቁ አስጠንቅቀውናል፤ በሙከራው ጊዜም አይተነዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ላይ ከሆሄያት በላይ ሁለት ሁለት ሆነው የተቀመጡ ነጥቦች ቢታዩ የኅትመት ስሕተት አይደሉም። ወደ ጎን የወደቁትን ግን አንባቢዎቻችን በገጽና በመስመር ቁጥር ጠቁመው ቢልኩልን እናርማለን።